ማንም የማይሸጠው 457(ቢ)፦ የአሜሪካ የመንግሥት ኮሌጅ የጡረታ ፓኬጅ ሲመዘን

በአሜሪካ የመንግሥት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚታቀፋቸው ወረቀቶች ሁሉ ወፍራሙ የጡረታው ነው፤ ከሁሉም በኋላ የሚነበበውም እሱ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይገኛል፦ በቀመር ተሰልቶ ዕድሜ ልክ የሚከፈለው የስቴቱ ፔንሽን፣ በፔንሽኑ ፋንታ የሚመረጠውና መዋጮው በሠራተኛው ስም ኢንቨስት የሚደረግበት ኦአርፒ የሚባል አማራጭ ፕሮግራም፣ ከዚያም ሠራተኛው በፈቃዱ የሚቆጥብባቸው 403(ቢ) እና 457(ቢ)። ሁሉም ኮሌጅ አራቱንም አያቀርብም፤ የፔንሽኑ ሕግም ከስቴት ስቴት ይለያያል። የሁለቱ ቁጠባዎች የፌደራል ሕግ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነው።

እንደማንኛውም ዕቃ ብንመዝናቸው ምርጡ ብዙ ሠራተኛ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቀው 457(ቢ) ነው። በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ሻጩ ዶናት ይዞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ የሚመጣለት 403(ቢ) ነው። ሁለቱም በራሳቸው ሕጋዊና ጠቃሚ ናቸው፤ ልዩነቱ ውስጣቸው የሚገባው ነገርና ገንዘቡ የሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ፔንሽን ወይስ ኦአርፒ

ይህ ምርጫ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ይግባኝ የለም። ቴክሳስ 90 ቀን ትሰጣለች፣ ኢሊኖይ 6 ወር። ዝም ብሎ ቀኑን ያሳለፈ ሰው በሁለቱም ስቴቶች መደበኛው ፔንሽን ውስጥ ይገባል፤ ይህም ለብዙ ሰው መጥፎ ውጤት አይደለም።

የቴክሳሱን ብንወስድ፣ የመምህራን ፔንሽኑ ቀመር 2.3 በመቶ ሲባዛ በአገልግሎት ዓመት፣ ሲባዛ በአምስቱ ከፍተኛ የደመወዝ ዓመታት አማካይ ነው። 25 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 70,000 ዶላር የሆነ ሰው 57.5 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 40,250 ዶላር ያገኛል። ሠራተኛው ከደመወዙ 8.25 በመቶ ይከፍላል። የፔንሽኑ መብት የሚጸናው በ5 ዓመት ነው። ኦአርፒ ውስጥ ደግሞ ሠራተኛው 6.65 በመቶ፣ ስቴቱ 6.6 በመቶ ያስገባሉ፤ ሁለተኛው የአገልግሎት ዓመት እንደጀመረ የስቴቱም ድርሻ የሠራተኛው ይሆናል።

እንግዲህ ጥያቄው "የቱ የበለጠ ያተርፋል?" ሳይሆን "እዚህ ስንት ዓመት እቆያለሁ?" ነው። አራት ዓመት ሠርቶ የሚለቅ መምህር ፔንሽኑ ውስጥ ከነበረ የራሱን መዋጮ ከ2 በመቶ ወለድ ጋር ይዞ ይወጣል፤ የስቴቱን ድርሻ አያይም። ኦአርፒ ውስጥ ከነበረ ሁለቱንም ድርሻ ከነትርፉ ይዞ ይሄዳል። 25 ዓመት ለሚቆይ ግን ገበያው ሲወድቅ የማይወድቀውን የፔንሽን ክፍያ ኦአርፒ በቀላሉ አይተካውም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ፣ በውል የተቀጠረ፣ ወይም ትዳሩ ሌላ ስቴት የሚጠራው ሰው ወደ ኦአርፒ ቢያጋድል ምክንያታዊ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦአርፒ ለመምህራንና ለተወሰኑ የሙያና የኃላፊነት ቦታዎች ብቻ የሚቀርብ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ የቢሮ ሠራተኛው ወይም የጥገና ባለሙያው ምርጫ አይቀርብለትም።

የፔንሽኑ ደካማ ጎን የዋጋ ንረት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ጭማሪ በራሱ አይመጣም፤ ሕግ አውጪው ካልወሰነ 40,250 ዶላሩ ከ15 ዓመት በኋላም 40,250 ነው። በፈቃድ የሚቆጠበው ገንዘብ የሚያስፈልገውም ዋናው ለዚህ ነው።

ኢሊኖይ ሦስት አማራጭ ታቀርባለች። በሦስቱም ሠራተኛው 8 በመቶ ያዋጣል፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለፌደራሉ የጡረታ ዋስትና) ግን ከደመወዙ አይቆረጥም። መካከለኛው፣ "ፖርተብል" የሚባለው፣ 5 ዓመት አገልግሎ የለቀቀ ሰው የአሠሪውንም ድርሻ ይዞ እንዲወጣ ያስችላል። ከጥር 1 ቀን 2011 (ሁሉም ዓመት እዚህ በፈረንጆቹ ነው) ጀምሮ ለተቀጠሩት በመደበኛው ፕላን መብት የሚጸናው በ10 ዓመት ስለሆነ፣ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ፖርተብሉ ጥሩ መሃል መንገድ ነው።

403(ቢ)፦ መያዣው ጥሩ፣ ይዘቱ አጠራጣሪ

ችግሩን ታሪኩ ያስረዳል። 403(ቢ) በ1958 ሲጀመር ውስጡ እንዲቀመጥ የተፈቀደው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸጡት አኒዩቲ (ቁጠባን በኋላ ወደ ቋሚ ክፍያ ሊለውጥ የሚችል ውል) ብቻ ነበር። ሚውቿል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛበት) የተፈቀደው በ1974 ነው። የኢንሹራንስ ሻጮች ኮሌጁን ቀድመው ለመዱት፤ ዛሬም ድረስ ከአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ብዙውን ቦታ ይዘው ይታያሉ። በዚያ ላይ የግል ኩባንያዎችን የጡረታ ፕላን የሚገዛው ኤሪሳ የተባለው ሕግ የመንግሥት ኮሌጅን ፕላን አይነካም። አቅራቢው በኮሌጁ ዝርዝር ላይ ተገኘ ማለት ኮሌጁ ዋጋውን መርምሮ አጸደቀው ማለት አይደለም፤ ብዙ ቦታ ከደመወዝ ቆርጦ ለመላክ ተስማማ ማለት ብቻ ነው።

ቬሪየብል አኒዩቲ (ዋጋው ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው) ላይ የሚደራረቡትን ክፍያዎች በየስማቸው ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የኢንሹራንሱ ክፍያ ነው፤ 1.25 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው። ሁለተኛው የፈንዱ የራሱ ወጪ ነው። ሦስተኛው ዓመታዊ የሒሳብ ክፍያ፣ አራተኛው ቀድሞ ለሚወጣ ሰው የሚጣለው የመውጫ ቅጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ7 በመቶ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንድ ውል ላይ ይህ ቆጠራ በየአዲሱ መዋጮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ በየወሩ የሚያስገባ ሰው መጨረሻ ላይ ያስገባው ገንዘብ መቼም ከቅጣቱ አይወጣም ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። 100,000 ዶላር ከወጪ በፊት በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ፣ ወጪው 0.1 በመቶ ከሆነ በ30 ዓመት 558,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ወጪው 2 በመቶ ከሆነ 324,000 ዶላር ገደማ ነው። 234,000 ዶላር የሚበላው ይህ "ትንሽ ፐርሰንት" በየወሩ መግለጫው ላይ እንደ ክፍያ ተለይቶ ስለማይጻፍ ማንም አይደነግጥም። አኒዩቲ ራሱ ታክስ የሚያዘገይ ዕቃ ነው፣ 403(ቢ)ም ያዘገያል። ለታክሱ ብሎ አንዱን በሌላው ውስጥ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሻጩ ሲቀርብ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠየቅ፦ ሁሉም ክፍያ ተደምሮ በዓመት ስንት በመቶ ነው፣ የመውጫ ቅጣቱ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ቆጠራውስ ከውሉ ቀን ነው ወይስ ከእያንዳንዱ መዋጮ። "ነፃ ነው፣ ክፍያ የለውም" የሚል መልስ ከመጣ ውይይቱ እዚያው ቢያበቃ ይሻላል። ከዚያ ከኤችአር (ከሰው ኃይል ክፍሉ) ሙሉውን የአቅራቢዎች ዝርዝር ማምጣትና በቀጥታ ኢንዴክስ ፈንድ (ገበያውን በትንሽ ወጪ ተከትሎ የሚሄድ ፈንድ) የሚሸጠውን መፈለግ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ሁሉንም ቁጠባ በአንድ አስተዳዳሪ ሥር ስለሰበሰበ እዚያ የሚሠራ ሰው ከዚህ ፍለጋ ይገላገላል። ረጅም የአቅራቢ ዝርዝር ያለበት ኮሌጅ ግን ሥራውን ለሠራተኛው ትቶታል።

ገብቶ ለተገኘ ሰው መውጫ አለ። መጀመሪያ አዲሱን መዋጮ ማቆምና በኤችአር በኩል ወደ ርካሹ አቅራቢ ማዞር ነው፤ ይህ ቅጣት የለውም። የቆየውን ገንዘብ ለማንሳት ደግሞ የቅጣቱን ሰንጠረዥ ማየት፣ ውሉ በየዓመቱ ያለቅጣት የሚወጣ ድርሻ (ብዙ ጊዜ 10 በመቶ) ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚሞላው ቅጽ ዝውውሩን "ኮንትራት ኤክስቼንጅ" ብሎ የሚጠራው ነው። "ዲስትሪቢዩሽን" የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፦ ገንዘቡ በሠራተኛው ስም በቼክ ሲወጣ 20 በመቶ ለታክስ ይያዛል፤ በ60 ቀን ውስጥ የተያዘውን ጭምር ከኪስ ሞልቶ ካልመለሰ ያልተመለሰው ሁሉ እንደ ገቢ ይቆጠራል።

457(ቢ)

ከሥራ የለቀቀ ሰው፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ከመንግሥት 457(ቢ) ገንዘቡን ሲያወጣ 10 በመቶው የቅድመ ዕድሜ ቅጣት የለበትም። መደበኛው ታክስ ብቻ ነው። ከ403(ቢ) ያለቅጣት ለማውጣት ሥራ የተለቀቀው 55 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት፤ ካልሆነ እስከ 59 ዓመት ተኩል መጠበቅ ነው። በ50 ዓመቱ ሥራ መልቀቅ ለሚያስብ፣ ወይም ጤናው አስተማማኝ ላልሆነ ሰው ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ሚዛኑን ይደፋዋል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ዓመታዊ የመዋጮ ጣሪያው ለብቻው መሆኑ ነው። በ2026 ለ403(ቢ) የተፈቀደው 24,500 ዶላር ነው፤ ለ457(ቢ)ም ሌላ 24,500። ሁለቱም ያሉት ሰው አቅሙ ከቻለ 49,000 ማስገባት ይችላል። 50 ዓመት ለሞላው በእያንዳንዱ ላይ 8,000 ይጨመራል። ለትርፍ የሚሠራ የግል ድርጅት ሠራተኛ ይህን አያገኝም። ባልና ሚስት ከሆኑና አንዱ ኮሌጅ የሚሠራ ከሆነ፣ በአንዱ ደመወዝ እየኖሩ የሌላውን አብዛኛውን እዚህ ማሳለፍ በጣም ያዋጣል።

ታዲያ ለምን አይወራለትም? ብዙ ስቴት ውስጥ 457(ቢ) የሚተዳደረው በስቴቱ አንድ ማዕከላዊ ፕሮግራም በኩል ነው፤ ኒውዮርክና ኦሃዮ እንዲህ ናቸው። ኮሚሽን የሚያገኝበት ሻጭ ከሌለ ዶናት ይዞ የሚመጣም የለም።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ለቅቀው ሲወጡ 457(ቢ)ን ወደ አይአርኤ (በግል ወደሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ያዞሩት እንደሆነ ከቅጣት ነፃ መሆኑ እዚያው ይቀራል፤ ገንዘቡን የአይአርኤ ሕግ ይይዘዋል። "ሁሉንም አንድ ቦታ እናድርግልዎ" የሚል አማካሪ ሲመጣ 59 ተኩል ላልሞላው ሰው መልሱ "457ቱን አትንካብኝ" ነው። በተገላቢጦሽ ከ403(ቢ) ወደ 457(ቢ) የገባ ገንዘብ ቅጣቱን ተሸክሞ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ለመንግሥት 457(ቢ) ነው። የግል ኮሌጅና ሆስፒታል የሚያቀርቡት ስመ ሞክሼ ነው፤ እዚያ ገንዘቡ የአሠሪው ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ ድርጅቱ ቢከስር አበዳሪዎች ይሻሙበታል። ከመንግሥት ወደ ግል ኮሌጅ የሚዛወር ሰው ቅጹ ያው ስለሚመስል ይሳሳታል።

ስለ ቲአይኤኤ ትራዲሽናል

ቲአይኤኤ በ1918 ለኮሌጅ መምህራን የተቋቋመ ነው፤ በብዙ ኦአርፒና 403(ቢ) ውስጥ ይገኛል። "ትራዲሽናል" የሚባለው ሒሳቡ ዋናው የማይቀንስ፣ ወለዱ የተረጋገጠ አኒዩቲ ነው። ከላይ ከተወቀሰው ቬሪየብል አኒዩቲ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ስህተት ነው፤ በቦንድ ምትክ ለሚይዘው ሰው ጨዋ ዕቃ ነው። ግን አንድ ስም የያዙ የተለያዩ ውሎች አሉ። ከፍ ያለ ወለድ የሚከፍለው ውል ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አያስወጣም፤ በክፍያ ተከፋፍሎ ለዓመታት ነው የሚወጣው። በፈለጉት ቀን የሚያስወጣው ዝቅ ያለ ወለድ ይከፍላል። ወለዱም መዋጮው በገባበት ዘመን ስለሚወሰን ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች የተለያየ ያገኛሉ። ስለዚህ 63 ዓመት ሲሞላ ቤት ለመክፈል ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ከማስቀመጥ በፊት የውሉን ዓይነት ስም በጽሑፍ መጠየቅ ግድ ነው።

መቁረጫው ላይ የሚበላሸው

የዘጠኝ ወር ኮንትራት ያለው መምህር መጀመሪያ የሚቆጥረው ቼኮቹን ነው። 24,500 ለ24 ቼክ ሲካፈል 1,020.83 ዶላር ነው፤ ለ18 ቼክ ግን 1,361.11። በ24 አስቦ 18 ቼክ የሚቀበል ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 6,125 ዶላር ሳያስገባ ይቀራል። የበጋ ኮርስ ደመወዝ ላይ ቁረጡ የተባለው የሚሠራ መሆኑንም ከደመወዝ ክፍሉ ማረጋገጥ ነው። በዓመቱ መሃል ኮሌጅ የቀየረ ደግሞ የ403(ቢ) ጣሪያው በሰው እንጂ በአሠሪ አይቆጠርም፤ አዲሱ ኮሌጅ የቀድሞውን መዋጮ ስለማያውቅ ከጣሪያ በላይ ይቆርጣል። ትርፉ እስከ ሚያዝያ 15 ካልወጣ ሁለት ጊዜ ይታከሳል።

ለዘገዩ ሰዎች ሕጉ ሦስት በር ከፍቷል። ከ60 እስከ 63 ዓመት ያሉት፣ ፕላኑ ከፈቀደ፣ በ8,000 ፋንታ 11,250 ይጨምራሉ። በአንድ ኮሌጅ 15 ዓመት ያገለገለና እስካሁን ያስገባው በአማካይ በዓመት ከ5,000 በታች የሆነ ሰው በ403(ቢ) በዓመት እስከ 3,000፣ በጠቅላላው እስከ 15,000 ዶላር መጨመር ይችላል። ትልቁ ግን የ457(ቢ) ነው፦ ፕላኑ "መደበኛ የጡረታ ዕድሜ" ከሚለው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት፣ ባለፉት ዓመታት ያልተጠቀመበት ጣሪያ ካለ፣ እጥፉን ማለትም በ2026 እስከ 49,000 ማስገባት ይቻላል። ከ50 ዓመቱ ጭማሪ ጋር ግን በአንድ ዓመት አይደረብም፤ የሚበልጠው ነው የሚወሰደው። ይህ በራሱ አይመጣም፤ የቆዩ መግለጫዎች ተያይዘው በቅጽ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የድሮ ወረቀት አይጣል።

ባለፈው ዓመት ከዚሁ አሠሪ ከ150,000 ዶላር በላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዝ ያገኘ ሰው ከ2026 ጀምሮ የዕድሜ ጭማሪውን በሮት፣ ማለትም ታክሱ ከተከፈለ ገንዘብ ብቻ ነው የሚያስገባው። ፕላኑ ሮት ከሌለው ጭማሪው ይቀርበታል።

የትርፍ ሰዓት መምህራን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረሱ ናቸው። ብዙ ኮሌጅ ከሶሻል ሴኩሪቲ ይልቅ ቢያንስ 7.5 በመቶ የሚገባበት ምትክ ፕላን ውስጥ ያስገባቸዋል። ሦስት ኮሌጅ ያስተማረ ሰው ሦስት ትንንሽ ሒሳብ ይኖረዋል፤ አድራሻ ሲቀይር ደብዳቤው ይጠፋል። ሲለቁ ወደ አንድ ቦታ በቀጥታ ማዛወር ነው። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ሥራ የሶሻል ሴኩሪቲ ክሬዲት አይጠራቀምም። 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ዓመት አይቆጠርም፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የማሟያ ስምምነት ስለሌለ። በአርባዎቹ ዕድሜ አሜሪካ የገባ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የማይቆርጥ ኮሌጅ ውስጥ ሙሉ ሥራውን ሲጀምር ይህን ማስላት አለበት። በሌላ በኩል ሶሻል ሴኩሪቲ ካልቆረጠ ሥራ ፔንሽን የሚያገኝን ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ይቀንስ የነበረው ሕግ ጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል። ከባል ወይም ከሚስት የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻ "ምንም አይደርስህም" ተብሎ ማመልከቻ ያላስገባ ሰው አሁን ማስገባት አለበት፤ ሳያመለክት የሚመጣ የለም።

ከመውጣት በፊት

ሌላ ስቴት የሠሩበትን ዓመት ከፍለው በአገልግሎት ዘመንዎ ላይ እንዲደመር ፔንሽኑ የሚፈቅድልዎ ከሆነ ዋጋውን ከ403(ቢ) ወይም ከ457(ቢ) በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም በማዛወር መክፈል ይቻላል፤ ታክስም ቅጣትም የለውም፣ ሥራ ላይ እያሉም ይሠራል። ግምቱን ቀደም ብሎ ማስጠየቅ ነው፤ ዕድሜና ደመወዝ ሲጨምሩ ዋጋውም ይጨምራል።

ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ የሚከፈል ከሆነ፣ ከለቀቁ በኋላ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ወይም ዓመቱ ሳያልቅ (ከሁለቱ የሚዘገየው) ከተከፈለ ወደ 403(ቢ) ወይም 457(ቢ) መግባት ይችላል። ትእዛዙ ግን ክፍያው ከመድረሱ በፊት መፈረም አለበት። የመጨረሻው ቼክ ከወጣ በኋላ የሚጠይቁ ሰዎች ሁሉ የሚሰሙት አንድ መልስ ነው፦ አልፏል።

65 ዓመት ሲሞላ ሥራ ላይ ያለና በኮሌጁ ኢንሹራንስ የተሸፈነ ሰው ሜዲኬር ክፍል ቢን (ለአረጋውያን የሚሰጠውን የፌደራል ጤና ኢንሹራንስ የሐኪም ክፍል) ሊያዘገይ ይችላል፤ ሥራ ካቆመ በኋላ 8 ወር አለው። የኮሌጁ የጡረተኞች ኢንሹራንስ ግን እንደ ሥራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም። በእሱ ተማምኖ የዘገየ ሰው በየ12 ወሩ መዘግየት 10 በመቶ ቅጣት ዕድሜ ልኩን ይከፍላል።

በመጨረሻ የወራሽ ቅጽ። ፔንሽኑ፣ 403(ቢ)ው እና 457(ቢ)ው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ ኑዛዜ አይሽራቸውም። ከፍቺ በኋላ ያልተቀየረ ቅጽ የቀድሞ ባለቤትን ወራሽ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። የእኛ ቤተሰብ ላይ ደግሞ የስም ጣጣ አለ፦ ባል፣ ሚስትና ልጆች የአባት ስማቸው የተለያየ ስለሚሆን፣ አንዱ ሰነድ ላይም ስሙ በሌላ ፊደል ስለሚጻፍ፣ የወራሹ ስም ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ዝምድናው፣ የልደት ቀኑና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩም አብሮ ይሞላ። ቅጹ መድረሱን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ እንዳልተሞላ ይቆጠር።